ከዓባይ እስከ አባያ፤ ስለ ዓሣ የስንጥብ ክዳንና ስለ እሾሁ

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ የያዘና የሁምቦን ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ፤ በስተግራው በኩል ከሩቅ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ያለው ሰፊ ውኃ ይታየዋል። ይህ አባያ ሐይቅ ነው። ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ በዚያ በኩል በምመላለስበት ጊዜ፤ አንድ ቀን ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ ዓሣ አጥማጆች የያዙትን ሲበልቱ ቆሜ እመለከት ነበር። በቅጠል ላይ ከተዘረጉት ዓሦች መካከል ናይል ፐርች የሚባለው ከሁሉ ገዝፎ ስለታየኝ፤ ክብደቱን ልገምት ብዬ ጣቴን ከጉንጩ ሥር አስገብቼ ላነሣው ሞከርኩ። አንድ ወጣት አጥማጅ ፈጠን ብሎ፤ «ጋሼ፤ በዚያ በኩል አይያዙት፤ ጉንጩ ውስጥ ቢላዋ አለው» አለኝ። ምክሩ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከእጄ ዘግይቶ ደረሰ።

ደሙን በመሐረቤ ጠቅልዬ ወደ ሶዶ ስመለስ፤ ይህ ቢላዋ ምንድን ነው፤ ለምንስ ተሠራ፤ ከእኔስ በፊት ማን አይቶት ማን ጻፈው የሚል አሳብ ያዘኝ። ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁትን ለአንባቢ ሳቀርብ፤ ነገሩ ከአንድ ዓሣ ጉንጭ ተነሥቶ ወደ ግብፅ፤ ወደ ፓሪስና ወደ ሎንዶን የሚያዞር፤ መጨረሻውም ተመልሶ ወደዚያው ወደ አባያ ዳር የሚያደርስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አስቀድሞ የአካሉን አሠራር መናገር ያስፈልጋል። ስንጥብ ማለት ዓሣ በውኃ ውስጥ ያለውን አየር የሚስብበት፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረና ደም የሞላበት ቀይ አካል ነው። እጅግ ስስ በመሆኑ ያለ ክዳን ቢቀር በየጭቃውና በየሣሩ እየተላጠ ባለቤቱን ለሞት ያደርሰው ነበር። ክዳኑም በእያንዳንዱ ጉንጭ ከአራት አጥንቶች የተሠራ ነው። ሊቃውንቱ «ክዳን» ከሚለው የላቲን ቃል ስም አውጥተውላቸው፤ ፕሪኦፐርክል፤ ኦፐርክል፤ ሰብኦፐርክልና ኢንተርኦፐርክል ይሏቸዋል። ስሞቹ ለአፍ ቢከብዱም ነገሩን በቤታችን በር መመሰል ይቻላል። ፕሪኦፐርክል ከፊት ቆሞ የሚደግፈው መቃን ነው። ኦፐርክል የሚከፈተውና የሚዘጋው ሰፊው ሳንቃ ነው። ሰብኦፐርክል ከሳንቃው ግርጌ የተቀጠለ ጠባብ ጣውላ ነው። ኢንተርኦፐርክል ደግሞ ከመቃኑ ሥር ተሸሽጎ በጅማት ከታችኛው መንጋጋ ጋራ የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ሳንቃው ወደ ኋላ ሲሳብ ጅማቱ መንጋጋውን እየጎተተ አፍ እንዲከፈት ይረዳል። በሩ ራሱ የተንጠለጠለበት ማጠፊያ ግን ከእነዚህ ከአራቱ ውጭ የሆነ፤ ሃዮማንዲቡላ የሚባል የውስጥ አጥንት ነው። አንባቢ ይህን አምስተኛውን አጥንት በልቡ እንዲያቆይልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዓሣው አፉን ከፍቶ ውኃ ይጎርሳል፤ አፉን ሲዘጋ ክዳኑ ይነሣና ውኃው በስንጥቡ መካከል አልፎ ይወጣል። አፍና ክዳን እየተቀባበሉ ስለሚሠሩ ውኃው በስንጥቡ ላይ ሳይቋረጥ ያልፋል ማለት ይቻላል። ዓሣ ውኃ ይጠጣል እያልን በልጅነታችን የምንፈርደው ፍርድ እንግዲህ ስሕተት ነው፤ የምናየው እስትንፋሱን ነው።

እጄን የቆረጠኝ መቃኑ ነው። የናይል ፐርች ፕሪኦፐርክል የኋላ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የወጣለት ሲሆን፤ ወደ ታች በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ጠንካራ እሾሆች አሉት፤ ኦፐርክሉም በበኩሉ ወደ ኋላ የተቀሰረ አንድ እሾህ አለው። ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ እሾሆቹ ወደ ውጭ ስለሚቀሰሩ፤ ሊውጠው የመጣ አዞ ወይም ወፍ ጉሮሮው ላይ እንዲያስብበት ያደርጉታል። ክብደቱ እስከ 200 ኪሎ ግራም፤ ርዝመቱም እስከ 2 ሜትር ሊደርስ ለሚችል ዓሣ ይህ መሣሪያ ትርፍ ይመስል ይሆናል፤ ግን ትልቁም አንድ ቀን ትንሽ ነበር። ጎረቤቶቹ ሌላ ሥርዓት አላቸው። ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ የምንለው የጉንጩ ክዳን ለስላሳ ነው፤ እሾሁን በክንፎቹ ላይ አድርጎታል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ከአራቱም የክዳን አጥንቶች ሰብኦፐርክል ይጎድለዋል፤ መከላከያውም ከደረቱ ክንፍ ፊት የቆመው ጠንካራ እሾህ ነው።

በእኛ አገር ዓሣ በጥንት ጊዜ የሚለየው በክንፍና በቅርፊት ነበር። ይህም ከኦሪት ዘሌዋውያን የመጣ ሥርዓት መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ አምባዛን ዛሬም የማይቀምሱ ሽማግሌዎች ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለ ስንጥብ የተነገረ ነገር ቢፈለግ ደግሞ በመጽሐፈ ጦቢት ታሪክ ዘንድ ይገኛል፤ መልአኩ ሩፋኤል ወጣቱ ጦብያ ከጤግሮስ ወንዝ የወጣውን ዓሣ እንዲይዝ ባዘዘው ጊዜ፤ የላቲኑ ትርጓሜ በስንጥቡ እንዲይዘው አዘዘው ይላል። ያ ዓሣ ናይል ፐርች አለመሆኑን እኔ ከልምድ እመሰክራለሁ።

ግብፆች ናይል ፐርችን ያከብሩት ነበር። በላይኛው ግብፅ ያለችው ኤስና በግሪኮች ዘንድ ላቶፖሊስ፤ ማለት የላቶስ ዓሣ ከተማ፤ ተብላ የተጠራችው በዚህ ዓሣ ስም ነው፤ በድኑም እንደ ሰው በድን በመድኃኒት ታሽቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀበር ነበር። ሳይንስ ዛሬ የሚጠራበት ላቴስ የተባለው ስም ከዚሁ የተወሰደ ነው። ከግሪኮችም አሪስጣጣሊስ የዓሣን ስንጥብ እየቆጠረ ሲጽፍ፤ አንዳንዱ ስንጥቡ ክዳን ያለው፤ ሻርክና ወገኖቹ ግን ክዳን የሌላቸው መሆናቸውን ለይቶ አስቀምጧል። ይህ አስተውሎት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሳይሻር ቆይቷል።

እሾህ የዓሣ መለያ ሆኖ በመጽሐፍ የገባው በአንድ የስዊድን ወጣት እጅ ነው። ጴጥሮስ አርቴዲ የተባለው ይህ ሰው ዓሦችን ሁሉ በክንፋቸው እሾህና በስንጥባቸው ሁኔታ በየወገናቸው ከፋፍሎ ጻፈ፤ ነገር ግን መጽሐፉ ሳይታተም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1735 በአምስተርዳም ከተማ ሌሊት በቦይ ውስጥ ወድቆ ሞተ። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ነበር። ጓደኛው ካርል ሊኔዎስ ጽሑፉን ሰብስቦ በ1738 አሳተመለት። እንግዲህ ዛሬ «እሾሃማ ክንፍ ያላቸው» ተብሎ የሚጠራው የዓሦች ትልቅ ወገን፤ ቆሮሶና ናይል ፐርችም የሚገቡበት፤ ስያሜው ከዚያ ወጣት የብራና ክምር የወጣ ነው። ናይል ፐርችን ደግሞ ወደ ሊኔዎስ ያደረሰው ሌላ ደቀ መዝሙሩ ፍሬድሪክ ሃሰልክዊስት ነው። በ1750 ግብፅ ገባ፤ የናይልን ዓሦች መርምሮ ጻፈ፤ በ1752 ወደ አገሩ ሳይመለስ በሰምርኔስ በሕመም ሞተ። ዕዳ ስለነበረበት ጽሑፎቹ ተይዘው ሳለ የስዊድን ንግሥት ገንዘቡን ከፍላ አስለቀቀቻቸው፤ በ1757ም ታተሙ። ናይል ፐርች በሳይንስ ዘንድ ስሙን ያገኘው በተከታዩ ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር ግን ከሁሉ ይልቅ እኔን አስገርሞኛል። በ1798 ከናፖሌዎን ጦር ጋራ ወደ ግብፅ ከዘመቱት ሊቃውንት አንዱ ኤትየን ዦፍሯ ሳንት ኢሌር ነበር። የናይልን ዓሦች ሲሰበስብ ቆይቶ በ1801 ፈረንሳዮች በተሸነፉ ጊዜ፤ እንግሊዞች የተሰበሰበውን ሁሉ አምጡ አሏቸው፤ ሊቃውንቱም ከምንሰጥ እናቃጥለዋለን ብለው ስለጸኑ ስብስቡ ተረፈላቸው። ዦፍሯ በፓሪስ ሆኖ የዓሣን ጉንጭ ሲመረምር፤ የእንስሳት ሁሉ አካል በአንድ ንድፍ የተሠራ ነው ብሎ ያምን ስለነበር፤ አራቱ የክዳን አጥንቶች በእኛ ላይ የት ገቡ ብሎ ጠየቀ። በ1818 ባሳተመው መጽሐፍ መልሱን ሰጠ፤ ይኸውም በሰው ጆሮ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን አጥንቶች የዓሣ ስንጥብ ክዳን ናቸው የሚል ነው።

ባልንጀራው ዦርዥ ኩቪዬ፤ በዘመኑ ከእርሱ የሚበልጥ የአጥንት ዐዋቂ ያልነበረው፤ ይህን አልተቀበለም። የዓሣ ክዳን ለዓሣ ሥራ የተሠራ የዓሣ አጥንት ነው፤ በሌላ ላይ መፈለጉ ከንቱ ድካም ነው አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ ሄዶ በ1830 በፓሪስ አካዳሚ ፊት በግልጥ ተከራከሩ። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎቴ በዚያ ወራት በፈረንሳይ ከተነሣው አብዮት ይልቅ ይህን ክርክር አስበልጦ ይከታተል ነበር ይባላል።

ማን ረታ? በክዳኑ ነገር ኩቪዬ ረታ። በ1837 ራይኸርት የተባለ ጀርመናዊ የእንስሳትን ፅንስ መርምሮ፤ ከጆሮ አጥንቶች ሁለቱ ከመንጋጋ የመጡ መሆናቸውን አሳየ። ሦስተኛውና ትንሹ፤ የእርካብ ቅርጽ ያለው፤ ከወዴት መጣ ቢባል ግን፤ አንባቢ በልቡ እንዲያቆየው የለመንኩት ሃዮማንዲቡላ እርሱ ነው። ዦፍሯ በሩን በጆሮአችን ውስጥ ፈለገ፤ ያለው ግን ማጠፊያው ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት ከብዙ ትክክል ይበልጣል ብዬ እፈርዳለሁ።

በሩ ራሱስ የት ደረሰ? በ2004 በሰሜን ካናዳ ቲክታሊክ የተባለ የ375 ሚሊዮን ዓመት ዓሣ ቅሪት ተገኘ፤ ዜናውም በ2006 ታተመ። ይህ እንስሳ ቅርፊትና ስንጥብ ሳለው የስንጥብ ክዳኑን አጥንት አጥቷል። የሌሎች ዓሦች ራስ በእነዚህ አጥንቶች አማካይነት ከትከሻ ጋራ የተያያዘ ሲሆን፤ እርሱ ግን ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር ይችል ነበር። አንገት የሚባል ነገር የተገኘው እንግዲህ ክዳኑ ሲጠፋ ነው።

አሁን ወደ ወላይታ እንመለስ። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ወላይታን በጦር ሲይዙ ካዎ ጦና ተማረኩ፤ የሕዝቡም ጉዳት ብርቱ ነበር። አብሮ የዘመተው ፈረንሳዊ ቫንደርሃይም ያየውን ጽፎ በማሳተሙ፤ የውጭው ዓለም የወላይታን ስም በሰፊው የሰማው በዚያ ዘመቻ ወሬ ነው። ሐይቁ የተጻፈው ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ነው። በ1888 ዓ.ም. በግንቦት ወር፤ ከአድዋ ድል ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፤ ኢጣሊያዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ከደቡብ ወጥቶ አባያ ደረሰ፤ ለሐይቁም የንግሥቱን የማርጌሪታን ስም አወጣለት። ባለቤቶቹ ስም ሳያጡለት እንግዳ ስም ማውጣቱ በዚያን ጊዜ እንደ መብት ይቆጠር ነበር። ቦቴጎ ራሱ በ1889 ዓ.ም. በወለጋ በውጊያ ሞተ፤ ባልደረባው ሳኪም በዚያው ዓመት የዝሆን ጥርስና የተሰበሰበውን ዕቃ ይዞ ሲመለስ ተገደለ። ከጉዞው የተረፉትን ዓሦች የጄኖቫው ሊቅ ዴቾ ቪንቺጉዌራ መርምሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ጻፈባቸው።

ቀጥሎ በ1900ና በ1901 ጀርመኖቹ ካርሎ ፎን ኤርላንገርና ኦስካር ኖይማን በዚሁ አገር አለፉ። የሰበሰቧቸው ዓሦች በሎንዶን ቤተ መዘክር በዦርዥ አልበር ቡላንዤ እጅ ገቡ፤ እርሱም በ1903 ውጤቱን አሳተመ። ይህ የብራስልስ ተወላጅ በ1907 የናይልን ዓሦች፤ ከ1909 እስከ 1916 ደግሞ የአፍሪካን የጨው አልባ ውኃ ዓሦች ሁሉ በአራት ክፍል ጽፎ አወጣ። አንድን ዓሣ ሲገልጥ የጉንጩን ጠርዝ፤ የእሾሁን ቁጥር፤ የቅርፊቱን መስመር እንደ ግምጃ ቤት ሹም እየቆጠረ ነው። አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ታሪክ የወጣው ከዚህ ቆጠራ ነው።

ታሪኩም እንዲህ ነው። በጣና ሐይቅ፤ በዓባይ ራስ፤ ናይል ፐርች የለም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ሁሉ አግዶታል። በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቆችም የራሳቸው የሆነ ናይል ፐርች አልነበረም። ከናይል ጋራ ዛሬ በምንም ወንዝ በማይገናኙት በአባያና በጫሞ ግን አለ። ናይል ፐርች በየብስ አይሄድም፤ እንደ አምባዛም ከውኃ ወጥቶ ለጊዜው የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል የለውም። ስለዚህ በውኃ መጥቷል ማለት ነው። ዝናብ በበዛባቸው የጥንት ዘመናት አባያ ወደ ጫሞ፤ ጫሞ ወደ ጨው ባሕር፤ ጨው ባሕር ወደ ቱርካና ይፈስ ነበር፤ ቱርካናም ሞልቶ ወደ ናይል ይገለበጥ ነበር። የዚያ መንገድ ውኃ ከደረቀ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። የዓባይ ራስ በሆነው ሐይቅ ያጣነውን የናይል ዓሣ፤ በአባያ ማግኘታችን የስም ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ለዚህም አጥንት ይመሰክራል። በታችኛው ኦሞ በኪቢሽ፤ የጥንት የሰው አፅም በተገኘበት በዚያው ስፍራ፤ ከሁሉ በዝቶ የተገኘው የዓሣ አጥንት ነው። በ2008 የታተመው ጥናት እንደሚለው ከመካከላቸው የሚበዙት አምባዛና ወገኖቹ እንዲሁም ናይል ፐርች ናቸው፤ ብዙዎቹም ዛሬ በወንዙና በሐይቁ ከተመዘገበው ከትልቁ እንኳ ይበልጣሉ። ከላይኛው የአፈር ድርብርብ ደግሞ ከአጥንት የተሠራ ጥርስ ያለው የጦር ጫፍ ተገኝቷል፤ ዓሣ መውጊያ ነው። እሾህ ያለውን ዓሣ እሾህ ባለው አጥንት መውጋት በዚህ አገር የቆየ ሙያ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ሽብሩ ተድላም በ1973 በአገራችን ጨው አልባ ውኃ ስላሉ ዓሦች መጽሐፍ አውጥተዋል፤ ከባዕዳን መዝገብ ወደ ራሳችን መዝገብ የተሻገርንበት አንዱ ድልድይ እርሱ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። የጉንጭ ክዳን የትውልድ መዝገብ ብቻ ሳይሆን የዕድሜም መዝገብ ነው። ኦፐርክል በየዓመቱ ሲሰፋ ዕድገቱ በፈጠነበትና በዘገየበት ጊዜ መካከል ልዩ መስመር ይቀርበታል። ለ ክሬን የተባለ እንግሊዛዊ በ1947 የፐርችን ዕድሜ ከዚህ አጥንት ላይ ቆጥሮ ማወቅ እንደሚቻል አስረድቷል። አጥንቱ በፈላ ውኃ ተነክሮ ሥጋው ይገፈፋል፤ ይደርቃል፤ ከብርሃን ፊት ተይዞ ይታያል፤ ሌላ ዕቃ አያሻም። በእኛ አገር በረዶና ክረምት እንደ አውሮፓ ስለማይፈራረቁ መስመሩ ይደበዝዛል፤ በበጋና በዝናብ ወራት ልዩነት ብቻ መለየት ስለሚገባ ቆጣሪው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ጥቅሙ ምንድን ነው ቢባል፤ የሚያዘው ዓሣ ዘር ሳይተካ የሚያዝ ጨቅላ መሆን አለመሆኑን ያስታውቃል። የጫሞ ናይል ፐርች ከመጠን በላይ በማጥመድ እየመነመነ መምጣቱ ከታወቀ ቆይቷል። አባያም በየወንዙ በሚወርድለት አፈር እየደፈረሰ ነው፤ ከወላይታ በኩል የሚገባውም አፈር በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ነገሩ የአጥማጅ ብቻ ሳይሆን የገበሬውም፤ የእኛ የጸሐፊዎቹም ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ዐዋጅ ግን የሚጠብቀውን ነገር ቁጥር ካላወቀ ዘበኛ ያለው ባዶ ጎተራ ሊሆን ይችላል። በየዳሩ ግን ሥጋው ተገፎ ሲሄድ ራሱ ይጣላል፤ የዕድሜው ደብተርም አብሮ ይጣላል። ሶዶ ያለ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ አንድ ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ቢወርድና ሃምሳ ራስ ቢሰበስብ፤ ቡላንዤ በሎንዶን ከነበረው ይበልጥ የአባያ ናይል ፐርች አጥንት በእጁ ይኖረው ይሆናል።

ያን ዕለት ጣቴን የቆረጠኝን ዓሣ ራስ ከአጥማጁ ለምኜ ወስጄ ነበር። ልጁ ለሾርባ የፈለግሁት መስሎት ሁለተኛ ራስ ጨመረልኝ፤ ገንዘብም አልተቀበለኝም። ሁለቱንም ቀቅዬ ክዳናቸውን አጸዳሁ፤ ባለቤቴ የድስቱን ነገር እስካሁን አልረሳችውም። ትልቁ ኦፐርክል አሁን በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ከማኅተሙ አጠገብ ተቀምጧል። ከመስኮቱ ፊት ይዤ መስመሮቹን ስቆጥር አንድ ጊዜ አምስት፤ ሌላ ጊዜ ስድስት አገኛለሁ። ትንሹ ግን ሁልጊዜ ሁለት ነው።